የኒማል ስፖንሰር

እኔ ለሰው ዋስ መሆን እወዳለሁ። አንዱ ኳስ ይወዳል፣ አንዱ ካርታ ይጫወታል፤ የኔ ሱስ ፊርማ ነው። የሚስቴ ወንድም ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቀጠር ፈርሜያለሁ። ጎረቤቴ መኪና ሲያጋጭ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄጄ ፈርሜያለሁ። አንድ ጊዜማ ስሙን እስካሁን ለማላውቀው ሰውዬ፣ ፊቱ ስላሳዘነኝ ብቻ፣ ፈርሜ ወደ ቤቴ ገብቻለሁ። "ዋስ የሚሆን ሰው ይፈለጋል" ሲባል እጄ እኔን ሳያማክር ነው የሚነሳው። ይሄ ሁሉ ግን ለሀገሬ ልጅ ነበር። ለአንድ ሙሉ ስሪላንካዊ ዋስ ስሆን ያየሁትን ላጫውታችሁ።

የምሠራው ቀጨኔ ውስጥ፣ ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ባለ የሹራብ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካ የምለው ባለቤቷን እትዬ አስካለን አክብሬ እንጂ፣ በቆርቆሮ የተሸፈነ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ዘበኛ እና አንድ እኔ ነው። ማዕረጌ "የሰው ኃይል፣ የግዢና የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ" ይላል። አምፖል ሲቃጠል የሚጠሩት እኔን ነው ማለት ነው። የተማርኩት ታሪክ ነው። ባለቤቴ ሰናይት እዚያው ፋብሪካ ውስጥ የምርት ክፍሉን ትመራለች፤ ስለዚህ ቢሮ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ ቤት ስንገባ ደግሞ አለቃዬ።

የምንሠራው የተማሪ ሹራብ ነው። እትዬ አስካለ በድሮዎቹ የእጅ ማሽኖች የትም እንደማይደርሱ ሲገባቸው፣ ያላቸውን አሟጠው ከውጭ ሀገር ባለ ኮምፒውተር ማሽን አስመጡ። ማሽኑ መጣ፣ ተተከለ፣ መብራት ተሰጠው። አንዲት አጭር ዜማ አሰማን፣ ቀይ መብራት አበራና ቀጥ አለ። ኤሌክትሪሺያን ጠራን፤ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራን፤ እጁን እንደ ሐኪም ማሽኑ ላይ ጭኖ "ቫይረስ አለበት" ብሎን ሄደ። በመጨረሻ ሻጮቹ እንዲህ ያለ ማሽን ላይ የኖረ ሰው አለ ብለው ጠቆሙን። ኒማል ይባላል፣ የሚኖረው ስሪላንካ ነው።

እትዬ አስካለ ቢሮ አስጠሩኝ።

"ይሄን ሰውዬ አንተ ታመጣዋለህ።"

"ከየት?"

"ከሀገሩ ነዋ። ድርጅቱ ስፖንሰር ይሆነዋል። ወረቀቱ ላይ አንተ ትፈርማለህ።"

"ትፈርማለህ" የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ ያሉትን አላስታውስም።

የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ውስጥ ጉዳዬን የያዙት ወይዘሮ ሙሉ የሚባሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ነበሩ። ያመጣሁትን ሁሉ አገላብጠው አዩና፣

"ተተኪው ማነው?" አሉኝ።

"የምን ተተኪ?"

"የውጭ ሀገር ባለሙያ የሚገባው እዚህ ያልተገኘ ሙያ ስላለው ነው። እሱ እያስተማረው ነገ ቦታውን የሚረከብ ኢትዮጵያዊ አብሮ ይመደባል። ስሙን ይስጡኝ።"

ወጣ ብዬ እትዬ አስካለ ጋ ደወልኩ። "ማንንም ጻፍና ና፤ እዚያ ልትከርም ነው እንዴ?" አሉኝ። ተመልሼ የራሴን ስም ሰጠሁ።

"የትምህርት ደረጃ?"

"ዲግሪ።"

"በምን?"

"በታሪክ።"

ወይዘሮ ሙሉ ቀና አሉ። "ሹራብ እና ታሪክ ምን ያገናኛቸዋል?"

"ክር የሚጀምረው ከታሪክ ነው" አልኳቸው። ምን ማለቴ እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። እሳቸው ግን ጻፉት፤ ጽፈውም ሲያበቁ በዚያው በዝግታ ድምፃቸው "ክረምቱ ሳያልቅ መጥቼ አያለሁ። ማሽኑን ሲያንቀሳቅሱት ማየት አለብኝ። ሥልጠናው የወረቀት ብቻ ከሆነ ግን ፈቃዱ ይሰረዛል" አሉኝ። ክረምቱ ገና ሊገባ ነበርና እስከዚያ ማን ይኖራል ብዬ ፈርሜ ወጣሁ።

ኒማል ሰኔ ላይ፣ ዝናብ አዲስ አበባን እያጠባት፣ አጭር እጅጌ ሸሚዝ ለብሶ ደረሰ። ኤርፖርት ስሙን በትልቁ ጽፌ ጠበቅሁት። አጠር ያለ፣ ጠይም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መኪና ውስጥ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኝ ነበር። ፋብሪካው እንደደረስን ለናሙና ከተሰቀሉት ሹራቦች ሰማያዊውን አንስቼ አለበስኩት። በማግስቱ በላዩ ላይ ቡኒውን ደረበ። ሳምንቱ ሳያልቅ አረንጓዴውንም ጨመረበት፤ ሦስት ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ የሚማር ይመስል ነበር።

ግን እጁ እጅ ነው። የማሽኑን ሆድ ከፍቶ አንድ ነገር አወጣ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ከተተው፤ ማሽኑም ዜማውን ጨርሶ ሥራውን ጀመረ። እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ኮምፒውተር ጠጋኙ ይሄን ባየ ብዬ ተመኘሁ።

ችግራችን መነጋገር ነበር። የኔ እንግሊዝኛ ለፈተና የተማርኩት ስለሆነ ከአራቱ አንዱን ምረጥ ካልተባልኩ አይመጣልኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር አስተካክዬ እስክጨርስ ኒማል የጀመረውን ፈጽሞ ወደ ሌላ ይሄዳል። የእሱ እንግሊዝኛም ከኔ ብዙ አይሻልም፤ "እሺ ሰር"፣ "ጥሩ ሰር" ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ታዲያ ሰናይት ከአዳራሹ ማዶ ክር እየጎተተች "ያላ ኒማል፣ ሹዋይ ሹዋይ" አለችው፤ በአረብኛ ቀስ በል ማለቷ ነው። ኒማል ስሙን ከሀገሩ የጠሩት ያህል ዞረ። እሱም ለካ ከማግባቱ በፊት ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኖሯል። ሰናይት ደግሞ እኔን ከማግባቷ በፊት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታለች፤ በረንዳ ለበረንዳ ልብስ እያሰጡ ከስሪላንካ ሴቶች ጋር ታወራ እንደነበር ነግራኛለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ በአረብኛ ማውራት ጀመሩ። ቀጨኔና ስሪላንካ በቤይሩት በኩል ዞረው ተገናኙ። እኔ ስፖንሰሩ መሐል ቆሜ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ እሱ ማየት ሆነ ሥራዬ።

ሥልጠናዬ ከሰዓት በኋላ ነው። ተተኪ ነኝና ኒማል ያስተምረኛል። የመጀመሪያው ሹራቤ አንገት አልነበረውም። ሁለተኛው አንገት ነበረው፤ ሌላ ነገር አልነበረውም። ኒማል "ጥሩ ሰር" እያለ እያጣጠፈ ጠረጴዛ ሥር ያስገባቸዋል። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳይ ጠረጴዛው ሥር ቦታ አልቋል።

የመኖሪያ ፈቃዱ ተሠርቶ ሲያልቅ ኢሚግሬሽኖች የኒማልን ፓስፖርት ለእኔ አስረከቡኝ። እትዬ አስካለ አዩት።

"አንተ ጋ ይቀመጥ" አሉኝ።

"ለምን?"

"ይሄ ሰው ብድግ ብሎ ቢሄድ ማሽኑን ማን ሊነካው ነው? አንተ?"

ሁለታችንም ሳቅን። ቀጥሎ ሁለታችንም ሳቃችንን አቆምን። ፓስፖርቱን እትዬ አስካለ ከአባታቸው የወረሱት፣ እኔ የምሠራበት ከባድ የእንጨት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ክፋት አልነበረኝም። የሰው ሀገር ሰው ነው፣ ይጥለዋል፣ ይሰረቅበታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ኒማል አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ "ፓስፖርት፣ ሰር?" አለኝ። መሳቢያውን መታ መታ አድርጌ "ሴፍ" አልኩት። ሰንበት ብሎ ደግሞ መጣ። "ቬሪ ሴፍ" አልኩት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም፤ ልቡ አረፈ ብዬ ደስ አለኝ። በዚያ ላይ እንክብካቤዬ አይጣል ነው። በየጠዋቱ ሙዝ እገዛለታለሁ። ከአስፋልቱ እንዳያልፍም አስጠንቅቄዋለሁ፤ እንጦጦ ላይ ጅብ አለ ብዬ የጅብ ድምፅ ሁሉ አሰምቼዋለሁ።

አንድ ማታ እራት ላይ ሰናይት ጠየቀችኝ።

"የኒማል ፓስፖርት የት ነው?"

"መሳቢያ ውስጥ።"

"የማን መሳቢያ?"

"የኛ።"

የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። "መልስለት።"

"ለራሱ ደህንነት እኮ ነው።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት" አለች። ከዚያን ማታ ጀምሮ ስሜን ትታ "ማዳም" ትለኝ ጀመር። "ማዳም፣ ጨው አቀብለኝ።" "ማዳም፣ በሩን ዝጋው።" ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰናይት ቤት ጽዳት ይዛ ሳለ፣ የእሑድ ሙሉ ልብሴን ግጥም አድርጌ ሙዝ ይዤ ወደ ፋብሪካው ወጣሁ። ኒማል የሚኖረው ግቢው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ክፍሏ ተቆልፋለች። ስልኩ ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ዘበኛችንን ጋሽ ወርቁን ጠየቅኋቸው።

"ማለዳ ነው የወጣው" አሉኝ።

"ወዴት?"

"ወደ ላይ።" በአገጫቸው ወደ እንጦጦ ጠቆሙኝ።

"ዝም ብለው ለቀቁት?"

"ታዲያ ሰው አይደለም እንዴ? ምን ላድርገው?"

ሙዝ ሰጠኋቸው።

ወይዘሮ ሙሉ በዚያው ሳምንት እንደሚመጡ አስታውቀውን ነበር። ቀጣሪ ያመጣው ሰው ሲጠፋበት ማሳወቅ እንዳለበትም ፈርሜ ነው የወጣሁት። ምን ብዬ ነው የማሳውቀው? በሐሳቤ ኒማል ሞያሌን ተሻግሯል። ያለ ፓስፖርት እንዴት ተሻገረ ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። ሙዞቹን ሁለቱም ኪሶቼ ውስጥ ከትቼ ወደ ቁስቋም አቀበቱን ተያያዝኩት።

ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ የሚመለስ አንድ ሰውዬ አስቆምኩ።

"ወንድሜ፣ አንድ የውጭ ዜጋ በዚህ አላለፈም?"

"ፈረንጅ ነው?"

"ፈረንጅ እንኳ አይደለም። ጠይም ነው።"

"ቁመቱስ?"

"አጠር ይላል።"

"ፀጉሩ?"

"ጥቁር።"

ሰውዬው ራሱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። "የምትፈልገው እኔን ነው እንዴ?"

"ሹራብ ደርቧል" አልኩት ተስፋ ሳልቆርጥ።

"በዚህ ብርድ ያልደረበ ማን አለ?"

ሌሎች ቆሙ፤ ጉዳዩ የመንደር ሆነ። አንደኛው ከላይ ሱቁ ጋ ህንድ የሚመስል ሰው ቆሟል ብሎ እየመራ ወሰደኝ። ከኋላ ሲታይ እውነትም ኒማል ነው። ትከሻውን ነካ ሳደርገው ዞረና የሰበታ ሰው መሆኑን በቁጣ አስረዳኝ። ይቅርታ ጠይቄ ሙዝ ሰጠሁት።

በዚህ መሐል ስልኬ ይጮኻል። ሰናይት ናት። አላነሳሁትም። አንስቼ ምን ልላት ነው? ማዳም ሠራተኛዋ ጠፋባት? ደግማ ደወለች፤ ድምፁን አጠፋሁት።

ባሕር ዛፉ ውስጥ ስገባ ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች አለፉኝ። አንዱን "ወንድም፣ ሹራብ የደረበ ሰው..." ብዬ ሳልጨርስ ተሰወረ። መልሱን የነገረኝ ዙሩን ጨርሶ እንደገና ሲያልፈኝ ነው። "አላየሁም" አለኝ። ቀና ብዬ ላመሰግነው ስል እርጥቡ ቅጠል እግሬን ወሰደው። በጀርባዬ ቁልቁል ተንሸራተትኩ። ያቆመኝ አንድ ደግ ባሕር ዛፍ ነው። ከላይ ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ ሴት አጠገቤ ስትደርስ ቆማ አየችኝና፣

"ወንድሜ፣ ለስፖርቱ ከሆነ መንገዱ በወዲያ ነው" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ተሸንፌ ወደ ቤቴ ወረድኩ። የግቢያችን በር ጋ ስደርስ የማላውቀው ቅመም ሸተተኝ። ቤት ስገባ ኒማል በሦስት ሹራቡ ላይ የሰናይትን ሽርጥ አስሮ ምድጃው ጋ ቆሟል። ምስር በኮኮናት እየሠራ ነው። ሲያየኝ "ሰር" ብሎ ተነሳ፤ ቆሞም ስለነበር በእግሩ ጣት ተነሳ።

ሰናይት ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ ገረመመችኝ። "የት ነበርክ? ምሳ ላይ እንግዳ አለን ልልህ ስንቴ ደወልኩ።"

"ወደ ላይ ዞር ዞር ብዬ መምጣቴ ነው።"

"በጀርባህ?"

ተቀመጥኩ። ኒማል ማለዳ እንጦጦ ጫፍ ወጥቶ ከተማዋን አይቶ፣ በዚያው ወርዶ ሰናይትን ፍለጋ እኛ ቤት መምጣቱን ነገረችኝ። ኤርፖርት የገዛው ሲም ካርድ ጊዜው አልቆ ከተዘጋ ሳምንታት አልፈዋል። አዲስ ለማውጣት ፓስፖርት ያስፈልጋል። ሀገሩ ያሉት እናቱ ደግሞ የዓይን ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ቀጠሮ ይዘው ነበር፤ ይብራላቸው አይብራላቸው የሚሰማበት መንገድ አጣ። ዛሬ ችግሩ ሲብስበት የሰናይትን ስልክ ለመነ። ኒማል የምናወራው ስለ እሱ መሆኑ ገብቶት ጣቱን ወደ ራሱ ፊት ቀሰረ፤ በዚያች ትንሽ እንግሊዝኛው፣ እናቴ በስልኩ አየችኝ፣ ሹራቤን ሁሉ በቀለሙ ነገረችኝ አለኝ።

"ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገረኝም?" አልኳት።

"ሁለት ጊዜ ጠየቀህ። ሴፍ ነው አልከው።"

ሩዙን ሳህኔ ላይ እያወጣች፣ ድምፅዋን ሳትቀይር ቀጠለች። "የቤይሩቷ ማዳሜ ክፉ ሴት አልነበረችም። ፓስፖርቴን ቁም ሣጥኗ ውስጥ ከወርቋ ጋር ነበር የምታስቀምጠው፣ እንዳይጠፋብኝ ብላ። አባቴ ሲሞት፣ ስጪኝና ልሂድ ማለት ፈራሁ። ሳልቀብረው ቀረሁ። ሙዝ ትገዛልኝ ነበር።"

በዚያ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ይሄን ነግራኝ አታውቅም። ኒማል አማርኛ ባይሰማም አንገቱን ደፋ። ምስሩ ያቃጥል ስለነበር ዓይኔን ብጠርግ ማንም ምንም አላለኝም።

"አሁኑኑ ሄጄ አመጣለታለሁ" ብዬ ተነሳሁ። ቁልፉን ላወጣ እጄን ኪሴ ውስጥ ሰደድኩ፤ ያገኘሁት የተጨፈለቀ ሙዝ ነው። ሌላኛው ኪሴም ሙዝ ነው። ቁልፉ እንጦጦ ላይ ቀርቷል።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ካቻቢቴና መዶሻ ይዤ ጠረጴዛው ሥር ተጋድሜ ስደበድብ የእትዬ አስካለ ጫማ አጠገቤ ቆመ።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"መሳቢያውን እየከፈትኩ ነው።"

"በመዶሻ? የአባቴን ጠረጴዛ?"

ከሥር ወጥቼ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው።

"መስከረም ሊጠባ ነው" አሉ። "የልጆቹ ሹራብ ሁሉ እዚያ ማሽን ላይ ነው። ያለኝን በሙሉ እዚያ ብረት ውስጥ ነው የከተትኩት። ይሄ ሰው ዛሬ ብድግ ብሎ ቢሄድ እኔ የት እገባለሁ?"

ሰናይት የመዶሻውን ድምፅ ሰምታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "እትዬ አስካለ፣ እርስዎ የራስዎን ፓስፖርት የት ነው የሚያስቀምጡት?"

"እኔ? ቤቴ ነዋ።"

"እሱም ቤቱ ያስቀምጠው።"

እትዬ አስካለ ተነስተው፣ "እስቲ ተነስልኝ" አሉኝና መሳቢያውን በአንድ እጃቸው ከሥር ደገፍ አድርገው ሳብ አደረጉት። ተከፈተ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"አባቴ ከረሜላ ይደብቅበት ነበር" አሉ። "ከልጅነቴ ጀምሮ ቁልፉ ይዞ አያውቅም።"

ስንት ሳምንት "ቬሪ ሴፍ" ስል የኖርኩት ይሄን ነው።

ኒማል ፓስፖርቱን በሁለት እጁ ተቀበለን። ገልጦ የራሱን ፎቶ አየ፣ ከሹራቦቹ ሁሉ ሥር ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ለሰናይት አንድ ነገር ተናግሮ ወደ በሩ ሄደ። ጋሽ ወርቁ መኪና እንደሚያሳልፍ ሰው ትልቁን በር ወለል አድርገው ከፈቱለት።

"ሲም ካርድ ሊያወጣ ነው" አለች ሰናይት።

"ሲም ካርድ ሊያወጣ የወጣ ሁሉ ይመለሳል?" አሉ እትዬ አስካለ፤ ዓይናቸው ግን ከበሩ ላይ አልተነቀለም።

ማሽኑ አንድ ሰዓት ያህል ብቻውን ሠራና ክር ተበጥሶበት ቆመ፣ ቀይ መብራቱ በራ። በዚያችው ደቂቃ በተከፈተው በር ወይዘሮ ሙሉ ቦርሳቸውን ይዘው ገቡ።

"ባለሙያው የት አለ?"

"ወጣ ብሏል" አልኳቸው።

"ተተኪውስ?"

"አለሁ።"

"ጥሩ። ያንቀሳቅሱት።"

የተበጠሰውን ክር ቋጠርኩ። እንዴት እንደቋጠርኩት ፈጣሪ ያውቃል። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ፤ ማሽኑ ዜማውን አሰማና ተነሳ። እኔም ደነገጥኩ። እጅጌ መውጣት ጀመረ። የሚያምር ሰማያዊ እጅጌ ነው። ወጣ፣ ወጣ፣ አላቆመም። ወለሉ ላይ ደርሶ መጠቅለል ጀመረ። ሦስቱ ሴቶች ቆመው ይመለከቱታል።

"ይሄ የማን ነው?" አሉ ወይዘሮ ሙሉ።

"ትንሽ ረዘም የሚል ተማሪ አለ" አልኳቸው።

ኒማል የማሽኑን ድምፅ ከመንገድ ሰምቶ ኖሮ እየሮጠ ገባ፤ አንድ ነገር ነካና እጅጌው ቆመ። በሌላ እጁ አዲስ ሲም ካርድ ይዟል። እትዬ አስካለ "ተመስገን" ሲሉ የሰማኋቸው አጠገባቸው ስለነበርኩ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ሙሉ ወረቀታቸውን አወጡ። "ስለ ተተኪው ያለውን አስተያየት ይንገረኝ። እውነቱን።"

ሰናይት በአረብኛ ጠየቀችው። ኒማል ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ወደ እኔ ጠቆመ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ወደ ማሽኑ ጠቆመ፣ ራሱን ነቀነቀ። ጠረጴዛው ሥር ያለውን ክምር አሳየ። በመጨረሻ ወደ ሰናይት ጠቆመ።

"ምን አለ?" አሉ ወይዘሮ ሙሉ።

"በጣም ጥሩ እየተማረ ነው ይላል" አለች ሰናይት።

ወይዘሮ ሙሉ ብዕራቸውን ከደኑ። ከዚያ ወደ ኒማል ዞረው፣ ከሰናይት በተሻለ አረብኛ አንድ ሁለት ነገር አሉት። ኒማል ፈገግ አለ። ሰናይት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

"ያደግኩት ጅዳ ነው" አሉን ወይዘሮ ሙሉ። "ሰውዬው ያለው እንዲህ ነው። ሰር ደግ ሰው ነው፣ እንደ ወንድሜ አየዋለሁ፤ ነገር ግን እባካችሁ ከማሽኑ አርቁልኝ። ሚስቱን ስጡኝ፣ ቋንቋችን አንድ ነው፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስተምራታለሁ።"

እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከትከሻዬ ላይ ከባድ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ።

ወይዘሮ ሙሉ ፈቃዱ እንደሚቀጥል፣ ግን የተተኪው ስም በዚያው ቀን እንዲቀየር ወሰኑና ወረቀቱን ለሰናይት ዘረጉላት። እኔ ብሆን ወረቀቱ ሳይዘረጋ ፈርሜ ነበር። ሰናይት ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ ሁላችንንም አቁማ ደግማ አነበበችው።

"ፓስፖርቱ በራሱ እጅ ይሆናል የሚለው የታለ?"

"እሱማ ሳይጻፍም ያው ነው" አሉ ወይዘሮ ሙሉ።

"ይጻፍልኝ።"

ተጻፈላት፤ ፈረመች።

ሹራቦቹ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ደረሱ። ሰናይት ክረምት ከበጋ ተምራ አሁን ማሽኑን እንደ ልጇ ታዘዋለች፤ ኒማልም ሥራው ቀሎት እሑድ እሑድ ከሯጮቹ ኋላ እያዘገመ እንጦጦን መውጣት ይዟል። እኔ ወደ አምፖሌ ተመልሻለሁ።

በቀደም ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ኒማል እናቱ ጋ ደወለ። በምስል ነው የሚያወሩት። እንዳወሩ አወሩና ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ጥቁር መነጽር ያደረጉ ቀጭን አሮጊት ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ከላይ እስከ ታች መረመሩኝና አንድ ነገር ተናገሩ። ኒማል ለሰናይት በአረብኛ ነገራት፤ ሰናይት ሳቋን ለመያዝ ታገለች።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"ይሄ ምስኪን ሰውዬ ከስቷል፣ እዚያ ሀገር ኃላፊነቱን የወሰደለት ማነው? ነው የሚሉት።"

"ታዲያ ምን ልበላቸው?"

ሰናይት ስልኩን ከኒማል ተቀበለች። ከስልኩ ፊት ለፊት ቀጥ ብላ ቆማ ደረቷን መታ መታ አደረገችና "አና" አለቻቸው፤ እኔ ነኝ ማለቷ ነው። የኒማል እናት አረብኛ አይችሉም። ግን የገባቸው ይመስለኛል፤ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አዩና፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ለሚስቴ ረጅም ጊዜ አዘኑላት።